ከሰማያዊው ወዲያ ያለው ብርሃን

መብራቱ የተሰቀለው ከመግቢያው በር በላይ ይሁን ከኩሽናው ኮርኒስ ሥር፣ አሁን እርግጠኛ አይደለሁም፤ ትዝታዬ እኔም ራሴ በሙሉ ልብ የማላምነው ምስክር ነው።

በኮሮና ወረርሽኙ ወቅት ዐረብ አገር፣ ዋዲ ከቢር በሚባል ሰፈር በሚገኝ የማስታወቂያ መብራት ወርክሾፕ እሠራ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ፊዚክስ ያጠናሁት ለካ የተዘጉ ሱቆችን ስም በደማቅ ቀይ ለማብራት ኖሯል።

የአክስቴ ልጅ ደግሞ እዚያው አገር አል አመራት፣ አንድ ቤት በሠራተኝነት ተቀጥራ ትኖር ነበር። ማዳሟ ኮሮናን ይገድላል የተባለ መብራት ገዝታ፣ ልጅቱ ቆሻሻ ጥላ በተመለሰች ቁጥር ከሥሩ ታቆማታለች። ከገበያ የመጣው ቲማቲምም አብሯት ይሰለፋል፤ እሱ እንኳ ዓይን የለውም። ሰማያዊው ብርሃን ደብዘዝ ያለ በመሆኑ ማዳም ጉልበት የለውም ብላ ደመደመችና፣ ልጅቱ ጠጋ ብላ ወደ ላይ እንድትመለከት አዘዘች። በማግስቱ ልጅቱ ደወለችልኝ፤ ዓይኗ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራታል፣ መግለጥም ተስኗታል።

እኔም እንደ ተማረ ሰው ወግ ገለጻዬን ጀመርኩ። ኤሌክትሮን በአቶም ውስጥ በተወሰኑ ደረጃዎች ላይ ብቻ እንደሚቀመጥ፣ ወደ ታች ሲወርድ የኃይሉን ልዩነት በብርሃን መልክ እንደሚለቅ፣ ልዩነቱ በሰፋ መጠን የሞገዱ ርዝመት እንደሚያጥር አስረዳኋት። ደረጃዎቹ ከአቶም አቶም ስለሚለያዩ የኒዮን ብርሃን ቀይ ነው፤ የማዳም መብራት የሚሠራበት የሜርኩሪ ዋነኛው አወራረድ ግን ዓይን የማያየውን ጨረር ይሰጣል፤ ያየችው ሰማያዊ የትናንሾቹ አወራረዶች ፍርፋሪ ነው። በትዕግሥት አዳመጠችኝ።

«ጋሼ፣ የኤሌክትሮኑን መውረድ ለእሱ እንተውለት። እኔ ልቁም ወይስ አልቁም?»

እንዳትቆም ነገርኳት። ማዳም «ኻላስ»፣ በቃ፣ ሳትላት እንዴት መቅረት እንደምትችል ልጅቱ ጠየቀችኝ፤ ይህ በመማሪያ መጽሐፋችን አልነበረም። ስልኩን ለማዳም እንድትሰጥ አደረግሁና በወርክሾፕ አረብኛዬ ስለ ሠራተኛዋ ዓይን ተማጸንኩ። ማዳም ኮሮና ከዓይን እንደሚብስ አስተማረችኝ። ጨረሩ የፊት ቆዳን እንደሚያሸበሽብና እርሷም በዚያው ሥር እንደምታልፍ ስነግራት ግን፣ ወዲያው የማጥፊያው ድምፅ ተሰማ፤ ሳይንስ ድል አደረገ።

«ዓይኔስ?» አለች ልጅቱ፣ ስልኩን ተቀብላ።

«ይድናል» አልኳት፣ ሐኪም ይመስል። አላውቅም ነበር።

የዳነችው ቅዳሜ ይሁን እሑድ አላስታውስም። በኋላ መጻሕፍት አገላብጬ ያረጋገጥኩት ይህን ነው፦ የሜርኩሪ ዋነኛው ጨረር የሞገድ ርዝመት ወደ 254 ናኖሜትር ይጠጋል፤ የዓይንን የፊት ሽፋን ያቃጥላል፤ ሰው ከጨረሩ ከራቀ ግን ቃጠሎው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይሽራል።