ቢላዋ የማያስፈልገው አዳኝ

ወላሂ ዛሬ ገና የወለወልኩት የምግብ ጠረጴዛ ላይ ጥይት ተደርድሮ አገኘሁ!

የምሠራው ሪያድ ከተማ፣ ሰው ቤት ነው። ሐጂ፣ የቤቱ አባወራ፣ ለተራራ አደን ብሎ ቀለል ያለ ጠመንጃ ገዝቷል። ከወንድሙ ጋር ትልቁ ጥይት ይሻላል፣ ትንሹ ይሻላል እያሉ ይከራከራሉ።

«ያ ዘይነብ፣ አንቺ የተራራ ልጅ ነሽ፤ የቱን ልያዝ?» አለኝ እየሳቀ።

እኔም የወሎ አዳኝ ልጅ ነኝና ዝም አልልም። «ትንሹን ይያዙ። ጠመንጃው ቀላል ስለሆነ ትልቁ ትከሻዎን ይመታዎታል። ለተራራ ፍየል ትንሹ ይበቃል» አልኩት።

አመስግኖኝ ትልቁን መረጠ። ያውም ሁለት ካርቶን! አባቴ ተራራ ሲወጣ ከአምስት ጥይት በላይ አይዝም ነበር። ጥይት እኮ ይከብዳል።

ልቤ ጠረጠረ። «እንግዲያው ለማረጃ የቱን ቢላዋ ልሳልልዎ?» አልኩት። አባቴ ጠመንጃውን ቢያውስ እንኳ ቢላዋውን አያውስም፤ የተመታው ፍየል ሳይሞት ደርሶ ቢስሚላህ ብሎ ማረድ አለበታ!

«የምን ቢላዋ?» አለኝ ሐጂ። ወንድሙ አቀረቀረ። ሥጋ የማይፈልግ አዳኝ ታዲያ የሚያድነው ሰው ይሆን?

ፓስፖርቴንና ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ቀሚሴ ውስጥ ሰፍቻቸዋለሁ። ነገ ጁምዓ ነው፣ የእረፍት ቀኔ።

እህቶቼ፣ የምትሠሩበት ቤት እንዲህ አጠራጥሯችሁ ያውቃል? ምን አደረጋችሁ? ቶሎ ጻፉልኝ፤ ነገ ከወጣሁ በኋላ ልመለስ ወይስ ልቅር?