እልል የተባለለት ሽንት

ሥራዬ ሰው ማስተኛት ነው። እንጅባራ ውስጥ እኛ ሆስፒታል ኦፕራሲዮን የሚደረግ ሰው ከማንቀላፋቱ በፊት የሚያየው የእኔን ዓይን ነው፤ ሌላው ፊቴ በጭምብል ተሸፍኗል። ከተኛ በኋላ ትንፋሹንም ልቡንም የምጠብቀው እኔ ነኝ። ሽንቱንም ጭምር፤ ኩላሊት የከፋው እንደሆነ የሚታወቀው በሽንት ነዋ።

ድሮ ሽንት የምንለካው ጎንበስ ብለን ነበር። አልጋው ሥር የተንጠለጠለውን ከረጢት በስልኬ መብራት እያየሁ፣ በአንድ እጄ ወገቤን ይዤ፣ ከረጢቱ ላይ ካሉት መስመሮች ጋር ስሟገት እውል ነበር። አዲሱ ማሽን ሲመጣ ተገላገልኩ። ትንሽ ሳጥን ናት። ከረጢቱን አንጠልጥላ ትይዛለች፣ የወረደውን እየመዘነች ቁጥሩን ስክሪን ላይ ታወጣለች፣ ሲያንስ ትጮሃለች። መጀመሪያ ሰሞን «ደግሞ ለሽንት ዘበኛ ተቀጠረለት!» ብዬ ስቄባት ነበር።

አንድ የክረምት ጠዋት ከጥርባ በኩል አንዲት እናት መጡ። ሆዳቸው ውስጥ እጢ አድጎ እርጉዝ አስመስሏቸዋል። ባለቤታቸው ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው እስከ በሩ ድረስ እጃቸውን ይዘው ሸኟቸው። በአገውኛ የሆነ ነገር ተባባሉና ሁለቱም ሳቁ። በሩን ልዘጋ ስል ሽማግሌው ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ እሷን መልሽልኝ። ሌላ ሰው የለኝም» አሉኝ።

«እማማ፣ ከማታ ጀምሮ የቀመሱት ነገር አለ?» ስል ጠየቅኳቸው።

«ኧረ ምንም!»

«ጎበዝ!» ብዬ አመሰገንኳቸው።

ሆዳቸው ተከፍቶ ሥራው ከተጋመሰ በኋላ ሳጥኗ ጮኸች። ሽንት የለም። ቱቦው ተጣጥፎ እንደሆነ አየሁ፤ ደህና ነው። የደም ግፊታቸው ወረድ ብሏል። ከረጢቱ ውስጥ ያለችው ጥቂት ሽንት እንደ ጠላ ጠቁራለች። የቀዶ ሐኪሙ እጅ ቆመ። «የሽንት ቧንቧቸውን ነክቼ ይሆን እንዴ?» አለ። ነክቶ ከሆነ የበለጠ ከፍቶ መፈለግ ሊኖርበት ነው፤ ያን ሁሉ ሰዓት ደግሞ የእማማ ደካማ ልብ አይችለውም። እኔም ግሉኮሱን ዝም ብዬ መልቀቅ ፈራሁ። ኩላሊታቸው እምቢ ብሎ ከሆነ ውሃው ሳንባቸው ላይ ይወጣል።

«ዶክተር፣ አንዴ ታገሠኝ» አልኩና ባልደረባዬን በቦታዬ አቁሜ ወደ ውጭ ሮጥኩ።

ውጭ ግማሽ መንደር ተቀምጧል። «አባባ፣ እማማ ውሃ የጠጡት መቼ ነው?»

ሽማግሌው ኮራ ብለው ቀና አሉ። «ምን ውሃ አለ ልጄ! ከትናንት በስቲያ ጀምራ አክፍላ ነው የመጣች፤ ልክ እንደ ስቅለት ሰሞን። ሐኪሙ አንድ ሌሊት ብቻ ጹሚ ቢላት፣ ለፈጣሪማ አንድ ሌሊት ታንሳለች ብላ።»

«ወይ እማማ!» ብዬ ጮህኩ። ልቆጣ አፌን ስከፍት ሳቄ ቀደመኝ። ለካ ሴትዮዋ ተጠምተው ኖሯል!

ተመልሼ ግሉኮሱን ለቀቅኩት፤ በመጀመሪያ በጥንቃቄ፣ ግፊታቸው ቀና ሲል ደግሞ ደህና አድርጌ። ሁላችንም ሳጥኗ ላይ አፈጠጥን። ቁጥሯ ንቅንቅ አልል አለች። ለሽንት ስለት ስሳል ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ቆይታ ቆይታ አንድ ጨመረች። ደግሞ ጨመረች።

«መጣ! መጣ!» አለ ሐኪሙ፤ በሥራ ላይ ድምፁ የማይሰማው ሰውዬ።

እጢው ወጥቶ ሆዳቸው እስኪዘጋ ቁጥሯ ሽቅብ እንደወጣች ነበር። ያኔ በሩን ገፋ አድርጌ «እማማ ደህና ናቸው! ሽንታቸውም መጣ!» አልኩ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። የግቢው ጥበቃ እየሮጠ መጣና «ወንድ ነው ሴት?» አለ።

«ሽንት ነው!» አልኩት።

ሽማግሌው ብቻ ግድግዳውን ይዘው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ጋቢው ከፊታቸው ሲወርድ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ አየሁ። ደነገጥኩ። «አባባ፣ እርስዎስ?»

አቀረቀሩ። «እሷ አክፍላ እኔ ልጠጣ?»

አሁን የምሬን ተቆጣሁ። የታሸገ ውሃ አምጥቼ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩ። «ካልጠጡ ለእርስዎም ቱቦ ሰክቼ ያችን ሳጥን አንጠለጥልብዎታለሁ!»

«ስኪው» አሉ፤ ውሃውን በጋቢያቸው ሥር ሸሸጉት። «እሷ ስትቀምስ።»

ከሰዓት በኋላ እማማ ደህና አድርገው ነቁ። አልጋቸው ሥር ያለችው ሳጥን ምን እንደሆነች፣ ሆስፒታሉ ያለችው እሷ ብቻ እንደሆነች፣ ጠዋት እንዴት እንዳስጨነቀችን ነገርኳቸው። «ሽንቴን ለአገር አወጅሽው በይኛ!» ብለው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ ከነጠላው ሥር ግን ይስቃሉ። ቆይቶ ሐኪሙ ሲፈቅድ በማንኪያ ውሃ ሰጠኋቸው። ሽማግሌው የእማማን ጉሮሮ እያዩ ቆሙ። እማማ ዋጡ። ያኔ የተሸሸገው ውሃ ወጣ፤ ክዳኑ ተወረወረ፤ ሽማግሌው ትንፋሽ ሳይወስዱ ይጨልጡት ጀመር። እማማ በጎረነነ ድምፃቸው፣

«ቀስ ይበሉ እንጂ!» አሉ። «ሳጥኗ እንደሁ አንድ ናት፤ እሷም ተይዛለች።»