የአጎቴ ፎቶ ያለው እዚያ ግድግዳ ላይ ብቻ ነው

ዛሬ እናቴ የቀድሞው መሪ መታሰቢያ አዳራሽ ውስጥ፣ አንድ ፎቶ ፊት ቆማ ወንድሟን በስሙ ጠራችው።

አጎቴ በእሳቸው ዘመን አንድ ጠዋት ከኮልፌ ቤታችን ወጥቶ አልተመለሰም። አያቴ ፍተሻ ፈርታ ፎቶዎቹን በሙሉ አቃጠለች። የአዳራሹ ግድግዳ ላይ ባለው ፎቶ ግን አጎቴ፣ መሪው ሲናገሩ ከኋላቸው ቆሞ ያጨበጭባል።

ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። የአዳራሹን ሠራተኞች ቅጂ ስንጠይቅ፣ «ዘመዳችሁ መሆኑን ከወረዳ አጽፋችሁ አምጡ» አሉን።

በጦር ኃይሎች ሰፈር በኩል አድርገን ወረዳችን ሄድን። ጸሐፊዋ አዘነችልን፤ «እማማ፣ መጀመሪያ የሰውየውን ፎቶ ይዘው ይምጡ» አለቻት። (ሲስተም የለም አለመባላችንም አንድ ነገር ነው።)

የእናቴ ዓይን በየወሩ እየደከመ ነው። አሁን ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ «ነገ አዳራሹን ሲከፍቱ ውሰደኝ፣ መልኩን በደንብ ልያዘው» ትለኛለች።

ፎቶ የተቃጠለባችሁ ካላችሁ፣ መልክ በምን እንደሚያዝ ንገሩኝ።