ዋስ የሌለው መካኒክ

በዚያን ዘመን አስመራ ውስጥ አሳንሰር ያላቸው ሕንፃዎች ብዙ አልነበሩም፤ ያሉትን ግን አንድ በአንድ አውቃቸው ነበር። ጢሜ ሳያበቅል የተቀጠርኩት አሳንሰር በሚገጥምና በሚጠግን የጣሊያኖች ድርጅት ነው። ሙያውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ ጣሊያናዊ አለቃ፣ ካፖ የምንላቸው፣ ጡረታ ወጥተው ወደ አገራቸው ሲሄዱ የሥራው ጣዕም ጠፋብኝ። የሕንፃ ባለቤቶች ደግሞ፣ «በራስህ ብትሠራ ሥራውን ላንተ እንሰጥ ነበር» ይሉኝ ጀመር። እስቅና አልፈው ነበር።

አንድ ቀን አዲሱ ሥራ አስኪያጅ አስጠራኝ። አዲስ አበባ ያለው ቅርንጫፍ ሊሰፋ ነው፤ ከሚዛወሩት መካኒኮች አንዱ እኔ ነኝ። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛለች፤ አባቴ እናቴ ከሞተች ወዲህ ከተማው ዳር፣ ጎዳይፍ፣ ብቻውን ነው የሚኖረው። ይህን ነገርኩት። ከጠረጴዛው ቀና ሳይል፣ «ወይ ትሄዳለህ፣ ወይ ትለቃለህ» አለኝ።

«እለቃለሁ» አልኩት።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እኔው ራሴ ደነገጥኩ።

ለአባቴ ሄጄ ነገርኩት። ዕድሜውን ሙሉ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበር። «ወደይ፣ ልጄ» አለኝ፣ «እንጀራህን አልፈራም፤ እጅ አለህ። ግን ጊዜው ክፉ ነው። የድርጅት ሰው ከሥራ ሲቀር፣ የት ጠፋ ብሎ የሚጠይቅ አለው። አንተን ማን ይጠይቅልሃል?»

ነገሩ የገባኝ ውሎ አድሮ ነው። ስለቅ የድርጅቱን መታወቂያና መፍቻዎች አስረክቤ ነበር። መፍቻዎቹን መደበር የሚባለው ገበያ ሄጄ፣ ከአሮጌ ብረት አዲስ ዕቃ በሚያወጡት ቀጥቃጮች ዘንድ ተካሁ። መታወቂያውን የሚቀጠቅጥልኝ ግን አልነበረም። ጊዜው ወታደር በየመንገዱ የሚፈትሽበት ነው፤ ገጠሩ ውስጥ ሽፍታ አለ ይባላል፤ ከተማው ውስጥ ደግሞ ሰው በጥርጣሬ እየተወሰደ ይቀራል። ከጎዳይፍ አውቶቡስ ላይ ያስወርዱኝና ከረጢቴን አስፋልት ላይ ይዘረግፉታል።

«የት ነው የምትሠራው?»

«ለራሴ።»

«ለራሴ የሚባል መሥሪያ ቤት የለም።»

ብረቶቼን ለቅሜ እሄዳለሁ። እንዲያም ሆኖ ሥራው መጣ። በመጀመሪያ ሦስት ሕንፃ ያዝኩ። ትልቁ የአንዲት ጣሊያናዊት መበለት ነበር፤ የመጨረሻውን ፎቅ አንድ ሻለቃ ከነቤተሰቡ ተከራይቶታል። ከጎጃም ልትጠይቀው የመጣች አሮጊት እናቱም እዚያው ነበረች።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ቀን ረፋድ ላይ የከተማው መብራት ድንገት ጠፋ። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ሰማዩን ታይ ነበር። አንድ የጦር ማኪና ደጃችን ቆመና ሁለት ወታደሮች ወረዱ። «መካኒኩ አንተ ነህ?» አሉኝ። «እወ» አልኩ፤ ከድንጋጤ ብዛት አማርኛው ጠፋኝ። ከረጢቴን አንስቼ ተከተልኳቸው። ባለቤቴ ከኋላዬ፣ «ወዴት ነው የምትወስዱት?» ስትል ሰማሁ። ማኪናው ወዲያው ተነሣ።

ሻለቃው ሕንፃው መግቢያ ላይ ይንጎራደዳል። እናቱ ብቻዋን በአሳንሰሩ ስትወርድ መብራቱ ጠፍቶ፣ ሁለት ፎቅ መሀል ጨለማ ውስጥ ተንጠልጥላ ቀርታለች። «ትናንት እዚህ ስትሠራ ነበር ተብያለሁ» አለኝ። «ነበርኩ ጌታዬ። ዘይት ብቻ ነው የቀባሁት።» አጠገቡ ለቆመው ወታደር፣ «ተከተለው። አንዲት ነገር ቢያደርግ . . .» ብሎ ሳይጨርሰው ተወው።

ደረጃውን ስንወጣ የአሳንሰሩ በር ላይ ጆሮዬን ጣል አደረግኩ።

«እናቴ፣ ይሰማዎታል?»

«ማነህ?»

«መካኒኩ ነኝ።»

«ልጄ፣ ልወድቅ ነው?»

«አይወድቁም። ወለሉ ላይ ቁጭ ይበሉ፤ በሩን ብቻ አይንኩ።»

ሞተሩ ያለው ጣሪያው ላይ፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። መብራቱ ድንገት ቢመጣ እጄን ይዞት እንዳይሄድ መጀመሪያ ዋናውን ማብሪያ ዘጋሁ። መብራት በሌለበት ካቢናውን፣ ሰው የሚሳፈርበትን ሳጥን፣ ማንቀሳቀስ የሚቻለው በእጅ ነው፤ አንድ ሰው የፍሬኑን እጀታ ሲጫን ፍሬኑ ይላላል፣ ሲለቅ መልሶ ይይዛል፤ ሌላው የሞተሩን ማዞሪያ ጎማ እየያዘ ቀስ አድርጎ ያዞራል። ድርጅቱ ውስጥ ሳለን ሁልጊዜ ሁለት ሆነን ነበር የምንሠራው። ስለቅ ብዙ ነገር አስቤያለሁ፤ ይህን ግን አላሰብኩም። ክፍሉ ውስጥ ያለነው እኔና፣ አፈ ሙዙን ወደ ጎኔ ያዞረው ወታደር ብቻ ነን።

«ወንድሜ» አልኩት፣ «ጠመንጃህን አስቀምጥና ይህንን እጀታ ያዝልኝ።»

«ምን አልክ?»

«ለብቻዬ አይሆንም። ሁለት ሰው ይፈልጋል።»

«ጠመንጃህን አስቀምጥ ትለኛለህ? እብድ ነህ?»

ልጅ እግር ነው፤ ከንፈሩ ደርቋል። ከታች፣ በገመዶቹ መሀል፣ የአሮጊቷ ድምፅ ወደ እኛ ይወጣ ነበር። እመቤታችንን ትጣራለች፤ ቀጥላ የልጆቿን ስም፣ የሞቱትንም ሳይቀር፣ ትጠራለች። ወታደሩ አዳመጠ። ዐይኑ ወደ በሩ ሄዶ ተመለሰ። ጠመንጃውን ከጀርባው፣ እኔ በማልደርስበት ጥግ አስደግፎ ተንበረከከ።

«ብታታልለኝ በጥርሴም ቢሆን እገድልሃለሁ» አለ።

«ጫን ስልህ ጫን። ልቀቅ ስልህ ሳታስብ ልቀቅ።»

ጎማውን በሁለት እጄ ጨበጥኩ። «ጫን!» ስል ካቢናው ባዶ ያህል ቀላል ስለነበር በገመዱ ሌላ ጫፍ የተንጠለጠለው የሚዛን ክብደት ወደ ላይ ሊስበው ፈለገ፤ ጎማው ከመዳፌ ሊያመልጥ ተንሸራተተ። «ልቀቅ!» ለቀቀ። አሮጊቷ ጮኸች። ወታደሩ ወደ እኔ ዞረና፣ «ምን አደረግክ?» አለኝ። «ምንም አልሆነችም። እንደገና» አልኩት። ጫን፣ ልቀቅ፤ ጫን፣ ልቀቅ። ዐይኔን፣ ካፖ ፎቆቹን ለመለየት ገመዱ ላይ በቀለም ካኖሩት ምልክት አልነቀልኩም። ምልክቱ ልኩ ላይ ሲደርስ፣ «በቃ፣ ተወው» አልኩ። ወታደሩ እጀታውን ለቆ ጠመንጃውን አነሳ።

ወርጄ በሩን ስከፍት አሮጊቷ ወለሉ ላይ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ተቀምጣለች። ክንዴን ይዛ ተነሣች። ደረጃውን ሮጦ የወጣው ሻለቃ አቅፏት ቆየና ወደ እኔ ዞረ።

«የየትኛው ድርጅት ነህ?»

«ለራሴ ነው የምሠራው፣ ጌታዬ።»

«ዋስህ ማን ነው?»

«ዋስ የለኝም።»

የነዋሪነት መታወቂያዬን ተቀብሎ ኪሱ ከተተ። «ነገ ጠዋት ጦር ሰፈር መጥተህ ትወስዳለህ።»

ከሰዓት በኋላ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ወደ ቤታችን መጣ። ወሬው ድርጅቱ ደርሷል። «ሥራ አስኪያጁ፣ ወደ ድርጅቱ ከተመለሰ ለሻለቃው ደውዬ የእኛ ሰው ነው እላለሁ ብሏል» አለኝ። «ከዚያ ግን አዲስ አበባ ትሄዳለህ።» ባለቤቴ ሻሂውን አስቀምጣ ቆመች።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አልኳት።

«ፈርቻለሁ» አለች። «ፈርቼ የምመክርህን አትስማ።»

ባልደረባዬን፣ «የቐንየለይ፣ አመሰግናለሁ፤ ግን አልመለስም በለው» ብዬ ሸኘሁት። 

በማግስቱ ጦር ሰፈሩ በር ላይ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። የሚገባውን ሁሉ ያስገባሉ፤ እኔን የሚጠራኝ የለም። ፀሐይ አናቴ ላይ ስትወጣ ተጠራሁ። ሻለቃው መታወቂያዬን ፊቱ ዘርግቶ ተቀምጧል።

«መብራቱ የጠፋው በከተማው ሁሉ እንደሆነ አጣርቻለሁ» አለ። ቀጥሎም፣ «ወታደሬ ጠመንጃውን ጥሎ ነበር ወይ?» ሲል ጠየቀኝ።

አዎን ብል ልጁ አለቀለት። አይደለም ብል፣ ልጁ ቀድሞ ተናዞ ከሆነ፣ ውሸታሙ እኔ ነኝ። 

«እኔ ዐይኔ ገመዱ ላይ ነበር፣ ጌታዬ።»

 ሻለቃው መታወቂያዬን በጠረጴዛው ላይ ገፋልኝ። «ሂድ። እናቴ መርቃሃለች። እኔ ግን የማላውቀው ሰው በሚጠግነው አሳንሰር ሁለተኛ አላስገባትም፤ ለሕንፃው ባለቤትም ነግሬያታለሁ።»

መበለቲቱ እያፈረች ሥራውን ወደ ድርጅቱ መለሰችው። ወታደሩን ዳግመኛ አላየሁትም፤ ምን እንደደረሰበት አላውቅም። የቀሩኝን ሁለት ሕንፃዎች ይዤ ክረምቱን ገፋሁ፤ ሴት ልጃችንም ተወለደች። መንገድ ላይ ማኪና ሲቆም ልቤ የሚቆመው ግን ለብዙ ጊዜ አልተወኝም።

ከክረምቱ በኋላ ያ ባልደረባዬ የራሱን ከረጢት ተሸክሞ ደጃችን መጣ። እሱንም ሊያዛውሩት ሲሉ ከእኔ ጋር ሊሠራ ለቅቆ ነበር። ባለቤቴ ሁለታችንን አየት አደረገችና፣ «አሁን ደግሞ የምጨነቅለት ሰው ሁለት ሆነ» አለች። ከዚያ ግቡ አለችን።