የሦስት ሰው የባቡር ማኅበር

ባቡር በባጃጅ ማመላለስ የጀመርኩት ታላቅ ወንድሜ ከሞተ በኋላ ነው። ደብረ ማርቆስ ሐዲድ ደርሶባት አያውቅም። እኔ ግን የወሩ የመጨረሻ እሑድ በመጣ ቁጥር ባቡር የታጨቀባቸውን ሦስት ካርቶኖች ይዤ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እሄድ ነበር። ባለባጃጆቹ ለምደውኝ ነበር። አንዱ ገና ከሩቅ ሲያየኝ፣ "ጋሼ፣ ዛሬም ባቡሩ ነው?" ይለኛል። ዛሬም ባቡሩ ነው። ካርቶኖቹን እግሬ ሥርና ጭኔ ላይ ደርድሬ፣ አስፋልቱ በተቦረቦረበት ቦታ ሁሉ "ቀስ በል፣ ቀስ በል" እያልኩ እሄዳለሁ።

ወንድሜ ዕድሜውን የጨረሰው ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ነው። ጸሐፊ ነበር እንጂ ባቡር ነድቶ አያውቅም። የውጭ አገር ሰዎች ጓዛቸውን ሸጠው ሲሄዱ እየዞረ፣ ልጆቻቸው የተጫወቱባቸውን ትንንሽ ባቡሮች ይገዛ ነበር። ስንዝር የሚሆን በኤሌክትሪክ የሚሄድ ሎኮሞቲቭ፣ ተሳፋሪ የሚጭኑና ዕቃ የሚጭኑ ፉርጎዎች፣ እየተገጣጠመ የሚዘረጋ ሐዲድ፣ ሰዓት ያለው ጣቢያ ቤት፣ ከጥፍር የማይበልጡ ሻንጣ የያዙ ሰዎች። አላገባም፣ አልወለደም። ሲሞት ጎረቤቶቹ ይህን ሁሉ አሽገው በአውቶቡስ ላኩልኝ። ካርቶኖቹ የደረሱት ለቅሶው ካለቀ፣ ድንኳኑም ከፈረሰ በኋላ ነው። ባለቤቴ አንዱን ከፍታ አየችና፣ "ይኼን ሁሉ ዕድሜ ያጠራቀመው ይኼን ነው?" አለች። በክፋት አልነበረም፤ እውነትም ገርሟት ነው።

እኔ መድኃኒት ቤት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ስለ ሞተር የማውቀው ነገር የለም። ሎኮሞቲቩ አልሄድ ሲለኝ በጋዜጣ ጠቅልዬ ገበያው አጠገብ ወዳለው ሰዓት ሠሪ ወሰድኩት። ሰዓት ሠሪው በትንሿ ካቻቪቴው ፈታው፣ አንዲት የተቆረጠች ሽቦ ቀጠለ፣ ከዚያ የደንበኛ ሰዓት እጁ ላይ እንዳለ ረስቶ ሎኮሞቲቩን ጠረጴዛው ላይ ወዲያና ወዲህ ይገፋው ጀመር። "ሌላም አለዎት ጋሼ?" አለኝ። የዚያን ጊዜ ሰዓታቸውን ሊያሠሩ የመጡ አንድ ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር አጠገባችን ተቀምጠው ነበር። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ያለውን የባቡር መስመር ዕድሜ ልካቸውን በጠመኔ ሲያሰምሩ የኖሩ፣ ባቡር ግን በዓይናቸው ያላዩ ሰው ናቸው። "ሐዲዱን የት ነው የምትዘረጋው?" አሉኝ። እንዲህ ሆነን ሦስት ሆንን።

ነገሩን ማኅበር ያደረጉት መምህሩ ናቸው። "አንድ ቤት ከተቀመጠ የአንድ ሰው ዕቃ ሆኖ ይቀራል። እንደ ጽዋ በየቤታችን ይዙር" አሉ። እንደ ጽዋ አደረግነው። ባለተራው ባቡሩን ወሩን ሙሉ ቤቱ ያቆየዋል፣ መንኮራኩሩን አንድ በአንድ ይጠርጋል፣ እሑድ ስንመጣ ሐዲዱን ዘርግቶ፣ ቆሎና ጠላ አቅርቦ ይጠብቀናል። ማታ ላይ ተረካቢውን እስከ ቤቱ እንሸኘዋለን። የጽዋ ማኅበር አለቃ ሙሴ እንደሚባለው እኔንም ሙሴ አሉኝ። ሹመቱ ደስ ብሎኝ ነበር፤ የሙሴ ሥራ የቀረውን መጥራትና የዘገየውን መቀስቀስ መሆኑን የተረዳሁት ቆይቼ ነው።

መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነበር፤ ይህን አልክድም። መምህሩ ጋቢያቸውን ጥለው በሆዳቸው ይተኙና ጉንጫቸውን ወለሉ ላይ አድርገው ባቡሩ ወደ ዓይናቸው ሲመጣ ያያሉ። "ሞጆ! ወራጅ አለ?" ይላሉ። "አዳማ! አዋሽ!" ሰዓት ሠሪው ከትራንስፎርመሩ አጠገብ ተቀምጦ ፍጥነቱን ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ባለቤቴ ሳትቀር አንድ ቀን በሩ ላይ ቆማ ስታይ ቆይታ፣ "ያቺ ቀይ ሻንጣ የያዘችው ሴትዮ አንድም ቀን አልተሳፈረችም" ብላ ሄደች። ወንድሜ ይህን ቢያይ እል ነበር። ባቡሩ በዞረ ቁጥር እሱም ከእኛ ጋር እንዳለ ይሰማኝ ነበር፤ ስሙን ግን አናነሳም። ለምን እንደማናነሳው ያን ጊዜ አላሰብኩበትም።

እየቆየ ደከመኝ። መብራት ይጠፋል፤ ሐዲዱን ከበን በጨለማ ተቀምጠን እንጠብቃለን፣ አይመጣም፣ እንፈታውና ወደ ካርቶኑ እንመልሰዋለን። ኔትወርክ ሲጠፋ እሑድ መኖር አለመኖሩን ለመንገር በእግሬ ከአንዱ ወደ ሌላው እሄዳለሁ። መምህሩ ለዘመድ ለቅሶ ደብረ ወርቅ ወርደው መንገድ ተዘግቶባቸው ይቀራሉ፤ ተራ ይዛነፋል፤ የተራውን መዛነፍ የማስተካክለው እኔ። ክረምት ሲገባ ጭቃ። ተራው የእኔ ሲሆን አልጋ ይነሳል፣ ቁም ሳጥን ይገፋል፤ ባለቤቴ ወገቧን ይዛ ትገፋለች፣ እኔም ወገቤን ይዤ እገፋለሁ። አንድ ቅዳሜ ወለሉን እየጠረግሁ፣ "በቃኝ፣ ሰለቸኝ" አልኳት።

"እንግዲያ ተወዋ" አለች።

"ምን ብዬ? ሰዎቹ ወሩን ሙሉ ሲጠብቁ ይከርማሉ።"

"ይሉኝታህ ነው የሚገድልህ" አለችና መጥረጊያውን ተቀበለችኝ።

ይሉኝታ ብቻ አልነበረም። ካርቶኖቹን ዘግቼ ካስቀመጥኩ ወንድሜንም አብሬ የዘጋሁት ይመስለኝ ነበር። ከእሱ ሌላ የቀረኝ ነገር አልነበረም። ከባቡሩ ሌላ ማለቴ ነው። እየደከመኝም ተሸከምኩት።

ባለፈው ጥቅምት ተራው የመምህሩ ነበር። እሑዱ ሊደርስ ሲል ጠዋት ስልክ ደወሉ። "ና እስኪ። አውራው እንቢ አለ።" ሎኮሞቲቩን አውራው ነበር የምንለው። ድምፃቸው የታመመ ሰው ድምፅ ነበር። ስደርስ ሰዓት ሠሪው ቀድሞኝ መጥቷል። ሎኮሞቲቩ ጠረጴዛው ላይ በተነጠፈ ነጭ ጨርቅ ላይ ተጋድሟል፣ ሆዱ ተፈትቷል። ሰዓት ሠሪው አንዷን የማርሽ ጥርስ በመርፌ ነካ አድርጎ መርፌዋን ወደ አፍንጫው አስጠጋት።

"መምህር፣ ምን ቀቡት?"

"ዘይት ነዋ። ይጮህብኝ ነበር፤ ደርቆበት ነው ብዬ።"

"የምን ዘይት?"

"የኑግ። ኸደብረ ወርቅ የላኩልኝ አለ፣ የሱቅ አይደለም፣ ንጹሕ ነው። ለእንግዳ እንጂ ለራሴ እንኳ አላወጣውም።"

"ብዙ አደረጉበት?"

"አዎን፣ እንዲጠግብ ብዬ ነው" አሉ መምህሩ።

ሰዓት ሠሪው ወደ እኔ ዞረ። መድኃኒት ቤት ሠርቻለሁና መናገር አላስፈለገውም። የኑግ ዘይት ንፋስ ሲያገኘው ይረጋል፣ ይወፍራል፣ ሲቆይ ሙጫ ይሆናል፤ የጠርሙሱ አፍ ላይ እየደረቀ ክዳኑን የሚይዘውን ማንም ቤት ያየዋል። መምህሩ ቤታቸው ካለው ሁሉ የተሻለውን አውጥተው አብልተውታል። በአንድ ወር ውስጥ ጥርሱም ሞተሩም አንድ ላይ ተጣብቆ ቁርበት ሆኗል።

ያን ጊዜ የተሰማኝን እናገራለሁ፤ እፎይታ ነበር። ትከሻዬ ላይ ያለ ነገር ሲወርድ ተሰማኝ። በቃ፣ ሞተ፣ ማንም አላቆመውም፣ እኔም አላቆምኩትም። ከዚያ ቀና ስል የመምህሩን ፊት አየሁ።

"የወንድምህን ነገር ገደልኩብህ" አሉኝ።

"ኧረ ይተዉት መምህር፣ ዕቃ ነው።"

"ዕቃ አይደለም።"

ሰዓት ሠሪው ጨርቁን እያጣጠፈ፣ "ቤንዚን ውስጥ ነክሬ ጥርስ በጥርስ ላጸዳው እችላለሁ። ይፈጃል እንጂ ይመለሳል" አለ። አባባሉን አወቅሁት። እኔ ስልክ ይዤ "እሑድ እንገናኛለን አይደል?" ስል የምናገርበት ድምፅ ነው። እምቢ ማለት የማይችል የደከመ ሰው ድምፅ።

"ልታጸዳው ትፈልጋለህ?" አልኩት።

"ጋሼ ካሉ አጸዳዋለሁ።"

"እኔን ተወኝ። አንተ ትፈልጋለህ ወይ ነው የምልህ።"

መምህሩን አየ፣ እኔን አየ፣ አንገቱን አቀረቀረ። "እውነቱን ልንገርዎት ጋሼ? ሳምንቱን ሙሉ ጥቃቅን ነገር ላይ አፍጥጬ ነው የምውለው። እሑድ ደግሞ ጥቃቅን ነገር። ዓይኔ ደክሟል።"

"እኔም ወለል ላይ ከተኛሁ ሰው ካላነሳኝ አልነሳም። ልጄ ስትሰማ ትቆጣለች" አሉ መምህሩ።

"ታዲያ ለምን ትመጡ ነበር?" አልኳቸው። ድምፄ ጮክ ብሎ ወጣ።

"ለአንተ ነዋ" አሉ መምህሩ፣ እንደዚህ ያለ ነገር ይጠየቃል ወይ በሚል ዓይን። "ወንድሙ የሞተበት ሰው ካርቶን ተሸክሞ ደጅህ ሲመጣ በር ትዘጋበታለህ?"

መጀመሪያ ተናደድኩ። እኔ ለእነሱ ስል ወገቤ እስኪቆረጥ ስሸከም፣ እነሱ ለእኔ ብለው ይታገሱኝ ነበር። ለካ ይህን ሁሉ ዓመት ለቅሶ ሲደርሱኝ ኖረዋል፤ እኔ ባቡር የሚወዱ ሰዎች ይመስሉኝ ነበር። ከዚያ ግን ሰዓት ሠሪው ሳቅ አመለጠው፣ መምህሩ ተከተሉት፣ እኔም ሳልወድ ሳቅሁ። ስቀን ስንጨርስ ሦስታችንም ወንበር ላይ ተዘርግተን ቀረን። ብዙ መንገድ የሄደ ሰው እንኳ እንደዚያ አይደክመውም። ማኅበሩ በዚያው ፈረሰ። ካርቶኖቹን ባጃጅ ላይ ያወጣልኝ ሰዓት ሠሪው ነው፤ ሎኮሞቲቩን እንደተጣበቀ ጠቅልሎ ከላይ አስቀመጠው። ባለቤቴ ምንም ሳትጠይቀኝ ቁም ሳጥኑ ላይ ቦታ ለቀቀችልኝ።

የዚያው ወር የመጨረሻ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ቁርስ በላሁና ተኛሁ። የሚጠራ የለም፣ የሚሸከም የለም። ተኝቼ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያን ሁሉ ወር የናፈቅሁት ዕረፍት ይኸው መጥቶ ምን እንደማደርገው አላወቅሁም። ጣሪያውን እያየሁ፣ አሁን እውነትም ሄደ፣ አልኩ ስለ ወንድሜ። ከሰዓት በኋላ የግቢው በር ተንኳኳ። ባለቤቴ ከፍታ፣ "እንግዶችህ ናቸው" አለች።

ሁለቱም ናቸው። መምህሩ በትራቸውን ተደግፈዋል፣ ሰዓት ሠሪው የእሑድ ኮቱን ለብሷል። በእጃቸው ምንም የለም።

"እንዲሁ መጣን" አሉ መምህሩ።

ተቀመጡ። ባለቤቴ ቆሎ አቀረበች። ከሰላምታው በኋላ የሚባል ጠፋ። ያን ሁሉ ዓመት ስንገናኝ የምናየው ወለሉን ነበር፤ ፊት ለፊት ተቀምጠን ዓይን ለዓይን መተያየቱ አሳፈረን። ሰዓት ሠሪው ስለ መብራት አነሳ፣ እኔ ስለ ጤፍ ዋጋ አነሳሁ፣ ሁለቱም ሩቅ አልሄዱም። መምህሩ ቆሎውን መዳፋቸው ላይ እያንከባለሉ ቆዩ። ከዚያ፣ "ስማ" አሉኝ፣ "ይኸን ያህል ዓመት ዕቃውን ስንጫወትበት አንድ ቀን አልጠየቅንህም። ምን ዓይነት ሰው ነበር ወንድምህ?"

ባቡር ይወድ ነበር ልል አፌን ከፈትኩ። ለሁሉም የምለው ይህንኑ ነው። ግን ይህን እነሱም ያውቁታል።

"ችኩል ነበር" አልኩ። "ሲበላ እንኳ ተረጋግቶ አይቀመጥም። ልጆች ሆነን ትምህርት ቤት ስንሄድ መንገዱ ሩቅ ነው፤ እሱ ይቀድመኛል፣ ጥሎኝ ይሄዳል። ዳገቱ ጋ ስደርስ ከዓይኔ ይጠፋል። ከዚያ እየተቆጣ፣ እየሰደበኝ፣ ያን ሁሉ መንገድ ተመልሶ ይመጣና ደብተሬን ይቀበለኛል።"

"ከዚያስ?" አሉ መምህሩ።

ከዚያ ማልቀስ ጀመርኩ። ሁለቱም ጠበቁኝ።