እንቁላል የገባበት ሾርባ

በስልኬ ስለየአገሩ ምግብ የምጽፈውን የሚያነቡ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር አለ፦ «ለታመመ ሰው የሚሆን ሾርባ ጻፊልን።» የሩዝ ገንፎውን ጽፌላቸዋለሁ፤ ኩዌት ሳለሁ የእስያ ሴቶች አንዷ ስትታመም የሚሠሩላትን ማለቴ ነው። የእኛን የገብስ አጥሚትም ጽፌያለሁ፤ ዱቄቱ አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውኃ ካልተበጠበጠ እንደሚጓጉል ጭምር። ከሁሉ አብልጬ የማውቀውን ግን፣ እንቁላልና ሎሚ የሚገባበትን የምስር ሾርባ፣ እስከ ዛሬ አልጻፍሁትም። አሁንም የማነሣው አሠራሩን ላስተምር ብዬ አይደለም።

ሾርባውን የተማርሁት ኩዌት፣ ስድስት ዓመት በሠራሁበት ቤት ነው። ዋናዋ ምግብ አብሳይ አንዲት ሶርያዊት ነበረች። ቁጡ ናት፤ ሽንኩርት አቻኩዬ ካሳረርሁ ማማሰያውን ከእጄ ትነጥቀኛለች። ምስሩ በስሎ ከላመ በኋላ አስኳሉን ከሎሚ ጋር ትመታና፣ ትኩሱን መረቅ በማንኪያ በማንኪያ እየጨመረች ታሞቀዋለች። ድንገት ድስቱ ውስጥ ከገለበጡት ይቋጠራል። ቀስ ተብሎ ከለመደ ግን ከምስሩ ጋር ይዋሐዳል፤ የቀመሰ ሰው ምስሩ ጥሩ አድርጎ የላመ ይመስለዋል እንጂ እንቁላል አለበት አይልም።

ይችው ሴት በሁዳዴ የእኔን ድርሻ ሥጋም እንቁላልም ሳይገባበት አስቀድማ ትቀንስልኝ ነበር። እሷ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን፤ ጾማችን አይገጥም። አንድ ቀን ሥጋ የነካ ጭልፋ ሳታውቀው ስለከተተችበት፣ ድስቱን እንዳለ ለሌሎቹ ሰጥታ ለእኔ እንደ አዲስ ሠራች። እኔም በተራዬ የእመቤቲቱን አሮጊት እናት ስመግብ ጥንቃቄዬ ይህን ያህል ነበር። ልጆቻቸው ከአውሮፓ የሚልኩላቸውን የታሸገ ምግብ፣ ሃይማኖታቸው የከለከለው ነገር እንዳይኖርበት ጽሑፉን ሳላስነብብ አልከፍትም ነበር።

አገሬ ተመልሼ ደብረ ታቦር ትንሽ ምግብ ቤት በከፈትሁ በሁለተኛው ዓመት እናቴ ታመመች። ከእብናት ወዲያ ካለው መንደራችን አመጣኋትና ከምግብ ቤቱ ጓሮ ባለችው ክፍሌ አስተኛኋት። ሐኪሙ ደሟ በጣም ማነሱን ነግሮን ክኒን አዘዘላት። ከዚያ እሷን ትቶ እኔን እያየ «እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ» አለ። የሁዳዴ ሁለተኛው ሳምንት ነበር።

የነፍስ አባታችንን አስጠራሁ። አልጋዋ አጠገብ ተቀምጠው ለታመመ ሰው መብላት እንደሚፈቀድ፣ እግዜርም እንደማይቀየማት ነገሯት። እናቴ አቀርቅራ ሰማቻቸው። ሲሄዱ እንቁላል ቀቅዬ ባመጣላት ሳህኑን ገፋችው።

«እማዬ፣ አባ እኮ ፈቅደውልሻል።»

«ፈቀዱልኝ እንጂ መች አዘዙኝ? ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ሁዳዴን ገድፌ አላውቅም። አሁን ማለቂያዬ ላይ ልግደፍ?»

ማለቂያዬ ስትል አንጀቴን በላችኝ። ከአልጋዋ ስትነሣ ግድግዳ እየያዘች ነበር፤ ከንፈሯ ነጥቷል። አባቴን እንኳ አልቀበርሁትም፤ ኩዌት ሆኜ በስልክ ነው የተረዳሁት። አሁን ደግሞ ምግብ አውቃለሁ የምለው ሰው አጠገቧ ተቀምጬ እናቴን በምግብ እጦት ልቀብራት ነው አልሁ። ፈራሁ። ተቆጣሁም፤ በእሷም፣ በሐኪሙም፣ በጾሙም።

በማግሥቱ የምስር ሾርባውን ሠራሁ። ምስሩ ሲልም ለራሴ አንድ ሳህን ቀነስሁ። ከዚያ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ሁለት አስኳል መታሁ። እናቴ ጠጥታ ስትጨርስ «ውይ ሙያሽ! ምስር እንዲህ ሲልም አይቼም አላውቅ» አለችኝ። ሙያ በልብ ይባል የለ፤ ሳህኑን ተቀበልኋት።

እስከ ሆሳዕና ድረስ በየቀኑ ሠራሁላት። ፊቷ ተመለሰ፤ ያለ ግድግዳ መሄድ ጀመረች። ክኒኑ ይሁን እንቁላሉ ሐኪሙም አይለየው። እናቴ ግን ለይታው ነበር። ለጠየቃት ጎረቤት ሁሉ «ሐኪሙ እንቁላል ካልበላሽ አትድኚም አለኝ፤ እግዜር ግን ጾሜን ሳልፈታ በምስር አነሣኝ» እያለች ትመሰክራለች። እኔ ጓዳ ሆኜ ድስት እፈትጋለሁ። መጀመሪያ ላይ ዋናው መዳኗ ነው ብዬ ራሴን አጽናና ነበር። እሷ በመሰከረች ቁጥር ግን ማጽናኛዬ እየሳሳ ሄደ።

የፈሩት ይደርሳል፤ ለጸሎተ ሐሙስ ልቁረብ አለች። ነጠላዋን እንዳጥብላትም ሰጠችኝ።

ወደ አባ ሮጥሁና ሁሉንም ነገርኋቸው።

«እኔ የፈቀድሁት ለእሷ ነበር» አሉኝ፤ «ለአንቺ አልፈቀድሁም።»

«አባ፣ አንቱ ንገሩልኝ።»

«አይሆንም ልጄ። ያጠጣሻት አንቺ ነሽ፤ የምትነግሪያትም አንቺ። ሳትቆርብ ንገሪያት።»

ረቡዕ ከሰዓት እግሯን እያጠብሁ ነገርኋት። ያን ጊዜ የመረጥሁት ቀና ብዬ ፊቷን ማየት ስላልደፈርሁ ነው። ምን እንደነበረበት፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኋት። አልጮኸችም። እግሯንም ከውኃው አላወጣችም።

«አንቺስ?» አለችኝ።

«ምን እኔስ?»

«አንቺስ ከዚሁ ነው ስትበይ የከረምሽው?»

ልዋሽ አሰብሁ። «አይ» አልሁ፤ «የእኔን አስቀድሜ እቀንስ ነበር።»

«ብቻዬን?» አለች። «ብቻዬን አስገደፍሽኝ? አብረሽኝ ብትገድፊ እንኳ በቀለለኝ።»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ይህ ወደ ልቤ መጥቶ አያውቅም። እንቁላሉን ስመታ ለእሷ ስል ነው እል ነበር። እውነት ለእሷ ስል ከሆነ፣ ኃጢአትም ቢሆን አብሬያት በተሸከምሁት። እኔ የራሴን ነፍስ በንጹሕ ሳህን ለይቼ፣ የእሷን ሳላስፈቅዳት አሳልፌ ሰጠሁ። የሰው አገር ሴት ለእኔ የለየችልኝን ድርሻ እኔ ለእናቴ አልለየሁላትም። አፈርሁ፤ ያ እፍረት ዛሬም አለቀቀኝም።

ሐሙስ ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ አልቆረበችም። ሴቶቹ ምነው ቢሏት «ሰውነቴ ገና አልጠናም» አለቻቸው። አጠገቧ ቆሜ ስትሸፍንልኝ ሰማኋት። ያን ምስክርነቷን ግን ከዚያ ወዲያ ደግማ አልተናገረችውም። ለትንሣኤ ከሠራሁት ዶሮ ለወጉ ያህል ቀመሰች። በዓሉ እንዳለፈ መንደሬ ልሂድ አለች፤ እኔም ለማስቀረት አፍ አልነበረኝም። የላክሁላትን ሽሮ ለጎረቤት እየሰጠች የራሷን እንደምታስፈጭ በኋላ ሰማሁ።

በፍልሰታ ምግብ ቤቱን ዘግቼ መንደር ወረድሁ። ክረምቱ ጉልበቷን አድክሞታል፤ ጎንበስ ብላ እሳት ማያያዝ አቅቷታል። ቅዳሴ ሲወጣ ድንች ወጥ ሠራሁ፤ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ እርድ፣ ጨው፣ ሌላ የለም። መደቡ ላይ ሆና እጄን ታያለች፤ እኔም እንድታይ ወደ በሩ ብርሃን ዞሬ ነበር የምሠራው። ሳቀርብ የገባበትን አንድ በአንድ ልቆጥርላት ስጀምር በእጇ አስቆመችኝ።

«ተይው» አለች።

ትሪውን ወደ መሃላችን ሳበችና ጠበቀች። በእኛ ዘንድ ልጅ ከእናቷ ቀድማ እጇን አትሰድም። እኔ እሷን ጠበቅሁ፣ እሷም እኔን። ወጡ መቀዝቀዝ ጀመረ።

«ጉረሺ እንጂ» አለችኝ።

ጎረስሁ። እስክውጥ ድረስ ዓይኗን ከአፌ ላይ አልነቀለችም። ስውጥ ጊዜ እጇን ሰደደች።