ከዝግባው ሥር የወጣ እርሳስ

ጃንሆይ በዙፋናቸው ሳሉ ሆሳዕና ውስጥ ታሪክ አስተምር ነበር። ሳይንስ የሚያስተምር አንድ የውጭ አገር ባልደረባ ነበረኝ። ይህ ሰው በጦርነት ጊዜ ፈንጂ ይፈለግበት የነበረ፣ ከመሬት በታች ብረት ሲያገኝ የሚጮህ መሣሪያ ይዞ መጥቶ ነበር። ለተማሪዎች የሚታይ አሮጌ ዕቃ እንሰብስብ ብለን ቅዳሜ ቅዳሜ ገጠር ለገጠር መዞር ጀመርን። እሱ ይፈልጋል፤ እኔ የተገኘውን አይቼ ምንነቱንና ዘመኑን እናገራለሁ።

ከሁሉም ይልቅ የጥይት እርሳስ ይቀናኝ ነበር። እርሳስ እንደ ብረት ዝጎ አያልቅም። መሬት ውስጥ ሲቆይ አመድማ ቅርፊት ያወጣል እንጂ ቅርጹን አይለቅም። ድብልብሉ በአፈሙዙ ባሩድ ከሚጎርስ የጥንት ጠመንጃ የወጣ ነው። ትንሽ ጣት የሚያህለው፣ ሽፋን የሌለው፣ አርበኞቻችን ይይዙት የነበረው የውጅግራ ጠመንጃ ነው። የጣሊያኑ ደግሞ ቀጠን ያለ ነው፤ እርሳሱንም ሌላ ብረት ይሸፍነዋል። ይህን በማወቄ እኮራ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጃጁራ አጠገብ ወደ አንድ አዛውንት ገበሬ ጓሮ ገባን። በአገሩ የተከበሩ፣ በቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ የነበሩ ሰው ናቸው። አማርኛን ገበያ ላይ ነው የለመዱት። ከእንሰቱ ወዲያ አንድ ትልቅ ዝግባ ቆሟል። ባልደረባዬ ወደዚያ ሲያመራ፣

"እዚያ ምንም የለም" አሉ።

ልብ አላልኩትም። መሣሪያው ከዛፉ ሥር ጮኸ። ጥቂት እንደቆፈርኩ አንድ እርሳስ ወጣ። አፈሩን በጣቴ ጠረግሁለት።

አዛውንቱ ቀረብ ብለው "የማን ነው?" አሉኝ።

"የጣሊያን አይደለም። የውጅግራ ነው።"

"በደንብ እየው፣ መምህር።"

"ምኑን አያለሁ አባባ? የጣሊያን ቢሆን ሽፋን ይኖረው ነበር።"

እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጡ። የደከማቸው መስሎኝ ውሃ ላመጣላቸው ስል በእጃቸው ከለከሉኝ።

"ወንድሜ የወደቀው እዚህ ነው" አሉ። "ጠላት የገባ ጊዜ። እነሱ ከወንዙ ማዶ ይተኩሳሉ፣ እኛ ከዚህ። ጉም ነበር። ጥላ አየሁ፤ ተኮስኩ። ጉሙ ሲገለጥ እሱ ነው የወደቀው። ሰው ሁሉ ጣሊያን ገደለው አለ። እኔም ጣሊያን ነው አልኩ። የያዝኩት ግን ውጅግራ ነበር።"

ያን ጊዜ አፌ ተፈታ። ውጅግራ እኮ ከጣሊያን ወረራ በፊትም ነበር፣ አዳኝ አውሬ ላይ ተኩሶ የሳተው ይሆናል፣ እኔ የምለየው የጠመንጃውን ዓይነት እንጂ የተተኮሰበትን ቀን አይደለም፣ ይህ እርሳስ ሰው ይንካ አይንካ ማንም ሊያውቅ አይችልም አልኳቸው። ሁሉም እውነት ነበር።

"ይህን አሁን ነው የምትለኝ?" አሉ።

ተነሡና አጥሩን አልፈው ወደ ወንድማቸው ሚስት ቤት ሄዱ። ባልዋ ከሞተ ጀምሮ ማሳዋን የሚያርሱላት፣ ልጆችዋን ያሳደጉላት እሳቸው ናቸው። ባልደረባዬ ምን እንደተፈጠረ ደጋግሞ ጠየቀኝ፤ ልነግረው አልቻልኩም። ጩኸት ይሰማል ብዬ ጠበቅሁ። አልተሰማም። ከቆይታ በኋላ ሴትየዋ ብቻዋን ወደ እኛ መጣች። በሃዲይኛ ነው ያናገረችኝ፤ ከተማው ውስጥ ስላደግሁ እሰማለሁ።

"እርሳሱን ያወቅኸው አንተ ነህ?"

"አዎ፣ እናቴ።"

"ባሌን የገደለው ይኸው ነው?"

"አላውቅም።"

"ካላወቅህ ለምን ነገርኸው?"

ስለጠየቁኝ ነው እንዳልላት፣ "በደንብ እየው" ብለው ለምነውኝ ነበር። አላየሁም። እሷም መልሴን ሳትጠብቅ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ሽማግሌዎች ተቀምጠው እንዳስታረቋቸው በኋላ ሰማሁ። ሴትየዋ አልጣላውም ብላለች አሉ። ይሁን እንጂ በዚያ ዓመት ማሳዋን ጎረቤት አረሰላት። እሳቸው በሬዎቻቸውን እየነዱ በየጠዋቱ እስከ አጥሯ ይመጣሉ፣ ቆም ይላሉ፣ ይመለሳሉ። አንድ ቀን ጃጁራ ገበያ ላይ አግኝቻቸው ይቅርታ ጠየቅኋቸው። "አንተ ምን አጠፋህ? ዕዳው የእኔ ነው" ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የበለጠ ከበደኝ።

በተከታዩ ዓመት ዝናብ ሲጥል ሴትየዋ ራሷ አጥሩን ከፍታ፣ "በሬዎቹ ይግቡ" አለች ተባለ። ከዚያ በኋላ አዛውንቱ ብዙ አልቆዩም፤ ታመው ሞቱ።

ለቀብር ሄጄ ከሰው ኋላ ቆምኩ። ከመቃብር መልስ ሴትየዋ አየችኝ፤ በተቀመጠችበት አግዳሚ ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝና ንፍሮ በእጄ ሰጠችኝ። "ብላ እንጂ" አለችኝ። ይዤው ተቀመጥኩ።